«አይሸትም» ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፦ ለደሴው መዋዕለ ሕፃናት ኮላና ሲሊኮን ስለ መምረጥ

ደሴ ላይ ባለ ስድስት ክፍል መዋዕለ ሕፃናት የሚያሠራ ወጣት የሳይት መሐንዲስ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ የአማካሪው ስፔሲፊኬሽን በውስጥ የሚገባው ማጣበቂያና ማሸጊያ ሁሉ ‹ዝቅተኛ ልቀት ያለው› ይሁን ይላል። ወለሉ ፒቪሲ ነው፤ ሊሾው የፈሰሰው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው። መጸዳጃው ሴራሚክ፣ መስኮቱ አሉሚኒየም፣ የልጆቹ መደርደሪያ ኤምዲኤፍ ነው። ገበያ ስወጣ አንዱ ‹ይሄ ግሪን ነው› ይለኛል፣ ሌላው ‹አሽትተው፣ ምንም አይሸትም› ይለኛል። ሠራተኞቹ ደግሞ ከማስቲሽ ሌላ አይዝልንም ብለው ድርቅ ብለዋል። ርክክቡ መስከረም ነው። ምን ልግዛ? በምንስ ልለየው?»

ወንድሜ፣ ጋሼ ብለህ ስለ ጀመርክ አንተ እያልኩህ ልቀጥል። አብሽር፣ ነገሩ ነጋዴዎቹ እንዳወሳሰቡት አይደለም። «አሽትተው» ያለህን ሰው ምክር ግን ዛሬውኑ እርሳው። አፍንጫ «አንድ ነገር አለ» ሲል ይታመናል፤ «ምንም የለም» ሲል ግን ምስክርነቱ አይጸናም።

ሲሊኮንን ተመልከት። ለመስታወት የሚሸጠው ርካሹ ሲሊኮን አፉ ገና ሲቆረጥ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። የምታሸተውም የአቼቶውን አሲድ ራሱን ነው። ሲሊኮኑ ከአየር እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ሲጠነክር አሴቲክ አሲድ ይለቃል። ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሆኖም መስኮት ከተከፈተ በጥቂት ቀናት ተንኖ ያልቃል። «ኒውትራል» ተብሎ የሚሸጠው ግን ያን ያህል አይሸትም፤ ነጋዴውም «ይሄ ለጤና ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምርበታል። ከኒውትራሎቹ መካከል ኦክዚም የሚባለው ዓይነት ሲጠነክር የሚለቀው ሜኮ የተባለ ውህድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ውህድ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ካንሰር ያመጣሉ በሚላቸው በምድብ 1ቢ ውስጥ አስቀምጦታል። የሚቆጠቁጠው ቶሎ ይሄዳል፣ ዝም ያለው ነው የሚያሳስበው።

ይህ ማለት አቼቶ የሚሸተውን ግዛ ማለት አይደለም። አሲዱ ሲሚንቶ ልስን ላይ አይይዝም፣ ብረትም ያዝጋል፤ ለአሉሚኒየም መስኮትና ለልስን መገጣጠሚያ አይሆንም። ለአንተ የሚሆነው ኒውትራል ሆኖ አልኮክሲ የሚባለው ነው፤ ሲጠነክር የሚለቀው ጥቂት አልኮል ነው። ወይም ኤምኤስ ፖሊመር የሚሉትን ድቅል ማሸጊያ ውሰድ። ድቅሉ ቀለም ይቀበላል፣ ልስንም አሉሚኒየምም ይይዛል። ፖሊዩሪቴን የሚባለውን ማሸጊያ ከተቻለ ተወው። እሱ ውስጥ ዳይአይሶሳይኔት አለ፤ አንዴ የመተንፈሻ አካሉ የተቆጣበት ሠራተኛ ከዚያ በኋላ በትንሹም ይታመማል። አውሮፓ ውስጥ ከ0.1 በመቶ በላይ ዳይአይሶሳይኔት ያለበትን ዕቃ በሙያው የሚጠቀም ሰው እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ወዲህ አስቀድሞ እንዲሠለጥን ግዴታ ሆኗል። የእኛ ሠራተኛ ግን በባዶ እጁ፣ ያለ ጭንብል ነው የሚገፋው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስፔሲፊኬሽኑ «ዝቅተኛ ልቀት» ካለ፣ መጀመሪያ ሁለት የሚምታቱ ቁጥሮችን ለይ። አንደኛው ይዘት ነው፤ በአንድ ሊትር ኮላ ውስጥ ስንት ግራም ተናኝ ኦርጋኒክ ውህድ፣ ባለሙያው ቪኦሲ የሚለው፣ እንዳለ ይነግርሃል። ሁለተኛው ልቀት ነው፤ ኮላው ተቀብቶ ከቆየ በኋላ ክፍሉ አየር ውስጥ ስንት ማይክሮግራም እንደሚገኝ ይነግርሃል። ነጋዴ የሚያሳይህ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነው፣ ካሳየህ። ሕፃናቱ የሚተነፍሱት ሁለተኛውን ነው።

በይዘት በኩል ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የሎስ አንጀለስ አካባቢ የአየር ጥራት ባለሥልጣን ያወጣውን ደንብ ቁጥር 1168 ነው። እ.ኤ.አ. በ2005ቱ ቅጂ ለቪኒል ወለል ማጣበቂያ ጣሪያው 50 ግራም በሊትር ነበር፣ ለሴራሚክ 65፣ ለዞኮሎ 50፣ በሁለት ፊት ተቀብቶ ለሚጣበቅ እንደ ማስቲሽ ላለው 80፣ ለሕንፃ ማሸጊያ 250። ጥሩ ደንብ ነው፤ ግን ለምን እንደ ተወለደ አትርሳ። የተወለደው የከተማውን ጭስ አዘል ጭጋግ ለመቀነስ ነው። በዚህም ምክንያት ጭጋግ የማይፈጥሩ ፈሳሾች ከቆጠራው ወጥተዋል። አሴቶን አይቆጠርም። በአሜሪካው የፌዴራል ትርጉም ሜቲሊን ክሎራይድም ቪኦሲ ተብሎ አይቆጠርም፤ ለሰው ግን መርዝ ነው። ስለዚህ ጣሳው ላይ «ቪኦሲ ዜሮ» የሚል ጽሑፍ አይተህ ልብህ አይረፍ። ጽሑፉ እውነት ሆኖ ዕቃው መጥፎ ሊሆን ይችላል።

በልቀት በኩል ዕቃው በተዘጋ የመፈተኛ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አየሩ ይለካል። የጀርመኖቹ ኢሚኮድ መለያ በሦስተኛውና በ28ኛው ቀን ይለካል። ኢሲ 1 ለመባል በሦስተኛው ቀን ጠቅላላው ቪኦሲ ከ1,000 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ፣ በ28ኛው ቀን ከ100 አይበልጥም። ኢሲ 1 ፕላስ ደግሞ 750 እና 60 ነው። ኢሲ 2 የሚለው 3,000 እና 300 ስለሆነ ለመዋዕለ ሕፃናት አትውሰደው። በሲሊኮን ቱቦ ላይ ደጋግመህ የምታየው የፈረንሳዮቹ ኤ ፕላስ ነው፤ አረንጓዴ ምልክት ስላለበት ሰው ይታለልበታል። ኤ ፕላስ በ28ኛው ቀን እስከ 1,000 ማይክሮግራም ድረስ ይፈቅዳል። ከኢሲ 1 ፕላስ ጋር ስታስተያየው ከ16 እጥፍ በላይ ልል ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን ዝቅ ያለ መመዘኛ ነው። ሌላ ከሌለ ብቻ ተቀበለው። የካሊፎርኒያ ጤና መሥሪያ ቤት የመፈተኛ ዘዴም አለ፤ ሊድ የሚባለው የአረንጓዴ ሕንፃ ምዘና የሚቀበለው እሱን ነው። ሊድ በአራተኛው ቅጂው በፈሳሽ መልክ ለሚቀቡት ይዘቱንም ልቀቱንም ይጠይቃል፤ የሚመለከተው ደግሞ ከውሃ መከላከያው ሽፋን ወደ ውስጥ ያለውን ነው።

እግረ መንገዴን፣ አሠሪው «ኤጅ ሰርተፊኬት ነው የምንፈልገው» ካለህ አማካሪውን ደግመህ ጠይቀው። ኤጅም የአረንጓዴ ሕንፃ ምዘና ነው፤ የሚለካው ግን የኃይልና የውሃ ፍጆታ፣ እንዲሁም ዕቃዎቹን ማምረት የሚያስከትለው የኃይል ወይም የካርቦን መጠን 20 በመቶ መቀነሱን ነው። የኮላህን ልቀት አይነካውም። ወረቀት ተይዞ የሕፃናቱ ክፍል ግን ማስቲሽ ማስቲሽ ሊል ይችላል።

ማስቲሹን በተመለከተ ከራሴ ጉድ ልጀምር። ከዓመታት በፊት ደሴ ላይ እንደዚሁ የሕፃናት ማዋያ ነበር፤ ወለሉን አጽድቄ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ነሐሴ መጨረሻ፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ቀኑን ሙሉ አይታይም ነበር። ሠራተኞቹ ፒቪሲውን በማስቲሽ ለጠፉት፣ እኔም «ይደርቃል» ብዬ ዝም አልኩ። መስከረም ላይ ልጆቹ ገቡ። ብርድ ስለሆነ መምህሯ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። በሦስተኛው ሳምንት ልትጠራኝ መጣች። ከፊሎቹ ልጆች ምሳ በልተው ፍራሽ ላይ ሲተኙ ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ሲነሡ ራሳቸውን ይይዛሉ። ከወለሉ ጎን ተንበርክኬ አሸተትኩ። ቆሜ ያልሸተተኝ ነገር በልጅ ቁመት ላይ ነበር። ወለሉን አስነሣሁት፤ ወጪው ከእኔ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ስመረምር መጀመሪያ ወለሉ ላይ ነው የምተኛው። ሠራተኛው ይስቃል፣ ይሳቅ።

ማስቲሽ ምን እንደሆነ በገዛ ዓይንህ እንድታይ አንድ ቀላል ሙከራ ልንገርህ። እኔ ያደረግኩት ፒያሳ ባለ የወርቅ ቤት ሚዛን ነው፤ የወርቅ ሠሪ ወዳጅ ካለህ ለምነው። ቁራጭ ላሜራ መዝን፣ በላዩ ልክ 10 ግራም ማስቲሽ ቀባ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ሁለት ቀን ተወውና እንደገና መዝን። የእኔው ማስቲሽ ወደ 2 ግራም ተኩል ወረደ። ሰባት ግራም ተኩል አየር ሆነ ማለት ነው። በዚህ ዓይነቱ ኮላ ውስጥ ውሃ ስለሌለ የጠፋው ሁሉ ሶልቬንት፣ ማለትም ኮላውን የሚያቀጥነው ተናኝ ፈሳሽ ነው። የማስቲሹ አንድ ሊትር 850 ግራም ገደማ ይመዝናል ብትል፣ ይዘቱ ከ600 ግራም በሊትር በላይ ሆነ፤ ጣሪያው 80 ነበር። ይህን ሙከራ ለነጩ ኮላ አትጠቀምበት፣ እሱ ውስጥ የሚተነው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ያሳስትሃል።

አሁን በክፍሉ ልክ አስበው። 40 ካሬ የሆነ አንድ ክፍል፣ ማስቲሹ ወለሉም ፒቪሲውም ላይ ስለሚቀባ በካሬ 300 ግራም ቢፈጅ 12 ኪሎ ነው። ከዚያ 9 ኪሎው ሶልቬንት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይለቀቃል። አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ሠራተኛው ወደሚተነፍሰው አየር ይገባል፣ የቀረው ከፒቪሲው ሥር ታፍኖ ለወራት እየሾለከ ይወጣል። ብዙ ማስቲሾች ውስጥ ያለው ቶሉዊን ነው፤ አንዳንዱ ውስጥ ኖርማል ሄክሴን አለ። ሄክሴን የእጅና የእግር ነርቭ ያደነዝዛል፤ የጣሊያን ጫማ ሰፊዎች በዚሁ ዓይነት ማጣበቂያ ምክንያት ሽባ እስከ መሆን ደርሰው ነበር። የጎዳና ልጆች በፌስታል ይዘው የሚስቡት ይኸው ማስቲሽ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። በጎዳና ላይ ሲያዩት ሰው ሁሉ ያዝናል፣ ክፍል ወለል ላይ ሲሆን ግን ማንም አያስበውም።

እሳቱንም አትርሳ። የቶሉዊን ጋዝ ከአየር ሦስት እጥፍ ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይንፏቀቃል፤ በክፍሉ አየር ውስጥ 1.1 በመቶ ገደማ ከሆነ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ሳይት ላይ ደግሞ ቡና አለ። ከአጠገቡ ክፍል ከሰሉ ተያይዞ፣ ጀበናው ተጥዶ፣ ማስቲሹ እዚህ እየተቀባ አይቻለሁ። ቡናውን ከለከልኩ ብለህ እንዳትጣላ፤ ማስቲሹን ነው መከልከል ያለብህ።

በምትኩ የምትገዛው ውሃ ወለድ አክሪሊክ የፒቪሲ ወለል ማጣበቂያ ነው፣ በኢሲ 1 ፕላስ ወይም ቢያንስ በኢሲ 1 መለያ። አንድ ፊት ብቻ ስለሚቀባ በካሬ የሚፈጀው ከማስቲሹ አይበልጥም። በጥርስ ባለው ማንኪያ ይዘረጋል። ሠራተኞችህ «አይይዝም» የሚሉት ለምን እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ማስቲሽ ሲነካ ጨምድዶ ይይዛል፤ ይህኛው ትዕግሥት ይፈልጋል። ነጭነቱ እየጠፋ ሲያንጸባርቅና በጣት ሲነካ ክር ሲመዝ ነው ፒቪሲው የሚወርድበት፤ ከዚያ በከባድ ሮለር ይዳመጣል። ያን ሳይጠብቁ ሲለጥፉ ያንሸራትታል፣ ከዚያ «ይኸው አልያዘም» ይሉሃል። መጋዘኑን ወይም የጥበቃ ቤቱን ወለል መለማመጃ አድርገህ አንድ ቀን ስጣቸው። አንድ ሽማግሌ አንጣፊ ኮምቦልቻ ላይ «ኢንጂነር፣ ይሄ ኮላ እንደ እንጀራ ነው፣ ዓይን ሳያወጣ አይነሣም» ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የማስተምረው በእሱ ቃል ነው።

ብርዱ ሌላ ጣጣ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ ወለድ የወለል ኮላ ሲቀባ ወለሉ ራሱ ከ15 ዲግሪ ባይወርድ ይመረጣል። በደሴ ጧት ሊሾው በረዶ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ማንም ኮላ አይክፈት፣ ከ9 ሰዓት በኋላ አዲስ ክፍል አይጀመር። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደህ ኮምቦልቻ ብትሆን ምክሬ ሌላ በሆነ ነበር፤ እዚያ ችግሩ ቶሎ መድረቁ ነው።

ወደ ወሎ የሚመጣው ከውጭ የገባ ዕቃ ብዙው ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌ በረሃ አልፎ በባቲ በኩል ነው የሚወጣው። የሲሊኮን ቱቦም ሆነ የውሃ ወለድ ኮላ ባልዲ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ቦታ ይቀመጥ ይባላል፤ የጭነት መኪና ላይ በሸራ ተሸፍኖ ሚሌ ያደረ ዕቃ ይህን ሕግ አያውቀውም። ሲሊኮን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው 12 ወር ነው። ስለዚህ የማምረቻ ቀኑን እይ፣ ከየካርቶኑ አንድ ቱቦ ከፍተህ በቁራጭ መስታወት ላይ አፍስስ፤ በማግስቱ ላዩ ቆዳ ያላወጣ ከሆነ ካርቶኑን መልስ። ነጋዴው ቢያኮርፍም ነገ ይመለሳል።

ወረቀቱን ማንበብ ከባድ አይደለም። የደኅንነት መረጃ ቅጹን፣ ኤስዲኤስ የሚሉትን፣ ጠይቅ። 16 ክፍል አለው፣ አንተ የምትፈልገው ሦስተኛውን ነው፤ እዚያ የውህዶቹ መለያ ቁጥሮች ተዘርዝረዋል። ስሙ በምንም ቋንቋ ይጻፍ ቁጥሩ አይለወጥም። 108-88-3 ካየህ ቶሉዊን ነው፣ 110-54-3 ኖርማል ሄክሴን፣ 71-43-2 ቤንዚን የምንለው ነዳጅ ሳይሆን ቤንዚን ውህዱ፣ 75-09-2 ሜቲሊን ክሎራይድ፣ 50-00-0 ፎርማልዴሃይድ፣ 96-29-7 ሲሊኮን ላይ ያወራሁህ ሜኮ። እነዚህን ስድስት ቁጥሮች ስልክህ ላይ ጻፋቸውና ሱቅ ስትገባ ከቅጹ ጋር አስተያይ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ኤች 350 ካንሰር ያመጣል፣ ኤች 351 ይጠረጠራል፣ ኤች 361 ፅንስን ወይም መራባትን ይጎዳል ተብሎ ይጠረጠራል ማለት ነው። ቅጹ የለም የሚል ነጋዴ ዕቃው የለኝም እንዳለ ቁጠረው። ቅጹ ካለና የልቀት ምስክር ወረቀት ከሌለ ለመስኮት ውጫዊ ፊት ልትወስደው ትችላለህ፤ ለውስጥ ግን አትውሰድ። የግዢ ማዘዣህ ላይም «ኢኮ»፣ «ግሪን» የሚል ቃል አትጻፍ፣ ማንም ሊሞላው ይችላል። እንዲህ በል፦ «የወለል ማጣበቂያው በውሃ የተሠራ፣ ኢሲ 1 ፕላስ የምስክር ወረቀት ያለው፣ የምስክር ወረቀቱ የዕቃ ስም ባልዲው ላይ ካለው ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ የሆነ።» የመጨረሻዋ ሐረግ ብዙ ክርክር አድናኛለች፤ የአንዱን ዕቃ ወረቀት ለሌላው ማቅረብ የተለመደ ነውና።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፣ አንተ ወዳልጠየቅኸው። ምርጡን ኮላ ገዝተህ እርጥብ ሊሾ ላይ ከለጠፍከው ክፍሉ ይሸታል፤ ጥፋተኛው ደግሞ ኮላው አይሆንም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ትኩስ ሲሚንቶ አልካሊ ነው። እርጥበት ካለው ያ አልካሊ ከሥር ይወጣና የአክሪሊኩን ኮላና በፒቪሲው ውስጥ ያለውን ማለስለሻ ይሰባብራል። ከዚያ 2-ኤቲልሄክሳኖል የሚባል አልኮል ይፈጠራል። ጣፈጥ ያለ፣ የሚያቅለሸልሽ ሽታ አለው፤ ዓይንና አፍንጫ ይቆጣል። ይህ ከመጀመሪያው የሶልቬንት ሽታ በተለየ ከወራት በኋላ ነው የሚጀምረው፣ እርጥበቱ እስካለ ድረስም አያቆምም። ማናፈስ አያጠፋውም። ወለሉን ነቅሎ ሊሾውን ማድረቅ ነው መድኃኒቱ።

ሊሾ ለመድረቅ በጥሩ አየር ለመጀመሪያዎቹ 4 ሴንቲ ሜትሮች በሴንቲ ሜትር አንድ ሳምንት፣ ከዚያ ለሚበልጠው በሴንቲ ሜትር ሁለት ሳምንት ተብሎ ይገመታል። ያንተ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስድስት ሳምንት ነው፤ ሚያዝያ መጀመሪያ ከፈሰሰ ግንቦት አጋማሽ ላይ ይደርሳል ማለት ነው፣ የበልጉ ዝናብ ካልነካው። መለኪያ መሣሪያ ካገኘህ የሊሾው እርጥበት በካርባይድ ዘዴ ሲለካ ከ2 በመቶ በታች መሆን አለበት። ካላገኘህ የላስቲኩን ሙከራ አድርግ። 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ወፍራም ላስቲክ ቁረጥ፣ በየክፍሉ ፀሐይ የማይመታው ማዕዘን ላይ ዘርጋና አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር አሽገው። ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆይ፤ ለምሳሌ ማታ 11 ሰዓት ለጥፈህ በማግስቱ 4 ሰዓት አንሣው። ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ካየህ ወይም ሊሾው ጠቆር ካለ አልደረቀም። ምድር ቤቱ ላይ ከሊሾው ሥር ላስቲክ ሳይነጠፍ ከሆነ የፈሰሰው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ እርጥበቱ ከመሬት ስለሚመጣ ስድስት ሳምንትም ስድስት ወርም አያደርቀውም። ያኔ ለምድር ቤቱ ፒቪሲውን ትተህ ሴራሚክ አድርግ፣ የሚተኙበት ቦታ ላይ ፍራሽ ይዘረጋል።

ሴራሚኩ አያስጨንቅህም። የሲሚንቶ ዱቄት ማጣበቂያ ውስጥ ቪኦሲ የለም ማለት ይቻላል፤ መጠንቀቅ ያለብህ ሲበጠበጥ ከሚነሣው ብናኝና እጅ ከሚበላው አልካሊ ነው። ባልዲ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ሊጥ መሳይ ዓይነት አትግዛ፣ ለእርጥብ ቦታም አይሆንም። የፒቪሲ ቧንቧ ኮላ ግን በባሕርይው ሶልቬንት ነው፣ ያው ደንብም በ2005ቱ ቅጂ እስከ 510 ግራም በሊትር ፈቅዶለት ነበር፤ ጥቂት ስለሆነ ከልስን በፊት አስጨርሰው። ካትራሜ ከውጭ ግድግዳና ከመሠረት አይለፍ። ዞኮሎውን በኮላ ፋንታ በቡሎን እሰረው። መስታወቱንም እንዲሁ በማቀፊያ ያዘው፤ ያልገዛኸው ኮላ ምስክር ወረቀት አያስፈልገውም።

የልጆቹ መደርደሪያ ላይ ግን ቆም በል። በኤምዲኤፍና በቺፕውድ፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ በሚሠራ ጣውላ፣ ውስጥ ያለው ኮላ ሠራተኛህ ከሚቀባው እጅግ ይበዛል፤ ብዙውም ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ነው። ፎርማልዴሃይድን ዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር አምጪ ሲል መድቦታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ አየር ለ30 ደቂቃ አማካይ ከ0.1 ሚሊግራም በሜትር ኩብ አይለፍ ይላል። ኢ 1 የሚል የዝቅተኛ ልቀት ማኅተም ያለበትን ጣውላ ፈልግ፣ ከተገኘ ከዚያም የተሻለውን። ዋናው ማምለጫው ጠርዙ ነው፦ የተቆረጠ፣ የተበሳ፣ በጀርባው ያልተሸፈነ። አናጢህን ጠርዙን ሁሉ፣ ሰው የማያየውን የጀርባውንም፣ በጠርዝ ልባጭ እንዲዘጋ አዘው። ፎርማይካ ማጣበቁን በማስቲሽ ሳይሆን በነጭ ኮላና በማጥበቂያ ይሥራ፤ ሥራውንም በዎርክሾፑ ይጨርሰው፣ ክፍል ውስጥ አይሁን። ባጀቱ ከፈቀደ ግን ከባሕር ዛፍ ወይም ከጥድ ደረቅ ጣውላ አሠራው። ጠንካራ ነው፣ ሲሰበርም ይጠገናል።

ስለ ማናፈስ፦ ሊድ ሕንፃው ከመገባቱ በፊት በአንድ ካሬ ወለል 4,267 ሜትር ኩብ ገደማ የውጭ አየር ይለፍበት ይላል፣ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሳይወርድ፣ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሳያልፍ። ጣሪያህ 3 ሜትር ከሆነ አየሩ 1,400 ጊዜ ገደማ መቀየር አለበት ማለት ነው። መስኮቶቹ በተቃራኒ ግድግዳ ሆነው ተከፍተው በሰዓት አራት ጊዜ ቢቀየር 15 ቀን፣ ሌት ተቀን። ደሴ ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች ስለሚሆን፣ ቀዝቃዛ ኮላ ደግሞ ብዙም ስለማይለቅ፣ ሌሊቱን አትቁጠረው፤ ስለዚህ ወር ሊሞላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ያ እርጥበት መጠን ደሴ ላይ አይታሰብም። ለዚህ ነው መስከረምን አትመልከት የምልህ፤ ኮላ የሚነካው ሥራ ሁሉ ግንቦት ሳያልቅ ይግባ፣ ሰኔን በሙሉ ክፍሎቹን ክፍት አድርገህ አናፍስ። ክረምቱን የውጭ ሥራና ቀለም ሥራው እንዲይዘው አድርግ፤ ቀለሙም ውሃ ወለድ ይሁን። «ክፍሉን በከሰል አሙቀን እናውጣው» የሚል ሰው አይጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ጨምረህ ሽታ አታወጣም፤ እጣኑም ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ የራሱን ጭስ ያክልበታል።

በቅድሚያ ግን የዚህን ሳምንት ሐሙስ ማታ ላስቲኩን በስድስቱም ክፍል ለጥፍ። ዓርብ ረፋድ አንሥተህ ከሥሩ ያለውን በስልክ ፎቶ አንሣና የምድር ቤቱን ለብቻ፣ የፎቁን ለብቻ አድርገህ ላክልኝ፤ የኮላውን መጠን የምንቆርጠው ያን ካየን በኋላ ነው።